ለሌባ የተሰቀለው ካሜራ

«ይሄ ያንቺ እጅ አይደል እንዴ?» አለች ልጅቷ፣ ጭንቅላቷን መታጠቢያው ላይ አጋድማ ስልኳን ከፊቷ በላይ እንደያዘች።

ፀጉር ሠሪዋ አረፋውን ከክንዷ ጠርጋ ጎንበስ አለች። እጇ ነው። አውራ ጣቷ ላይ ያለው የካውያ ጠባሳ ሳይቀር ይታያል። ከእጇ ሥር ያለው ግን እዚህም እዚያም የተመለጠ የሴት ራስ ነው፤ መስታወቱ ውስጥ ግማሽ ፊት አለ፤ መነጽር፣ የተነከሰ ከንፈር። መምህርቷ ናት። ቪዲዮው የተለጠፈው በራሱ በሱቁ ገጽ ላይ ነው፤ የሚያስለቅስ ሙዚቃም ተደርጎበታል።

መምህርቷ በሽታ ፀጉሯን ከጨረሰው ወዲህ ማለዳ፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ በጓሮ በር እየገባች ከመጋረጃው ጀርባ ዊጓን የምታስተካክል ደንበኛ ናት። ባሏ እንኳ ያለ ሻርፕ አላያትም። የመጀመሪያ ቀን ወደ ጣሪያው ካሜራ አንጋጣ «ይሄ ነገር ይቀዳል እንዴ?» ብላ ጠይቃ ነበር። «ኧረ የለም፣ እሱ ለሌባ ነው፤ ማታ ማታ ብቻ ነው የሚሠራው» ያለቻት ፀጉር ሠሪዋ ራሷ ናት። የሱቁ ባለቤት እትዬ እንደዚያ ስላሏት አምና ነው።

«አስተያየቱን እዪው» አለች ልጅቷ። «እጅሽ ይባረክ የማይልሽ የለም። ይሄኛው ደግሞ የተነጨች ዶሮ ይላታል፣ ባለጌ» ብላ ሳቀች።

«ሳቅሽን ተዪና ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ሳሙና ይገባል።»

አጥባ ጨርሳ ፎጣ ጠመጠመችላትና ወደ ሒሳብ ጠረጴዛው ሄደች። እትዬ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ፈገግ ይላሉ።

«እትዬ፣ የመምህርቷን ቪዲዮ ያጥፉት።»

«ምን አደረገሽ? ስሟን አልጻፍኩ፣ ፊቷም ግማሹ ነው። ደግሞ ስንቱ ነው ምሕረቱን ያምጣልሽ ያላት! ሰው ሲጸልይላት ይከፋታል?»

«ጠይቀዋታል?»

«ብጠይቃት እንቢ ትለኝ ነበራ።»

ይህን ሲሉ ቅንጣት አላፈሩም። እንዲያውም ያጎረሷት ያህል ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። «ያንቺም እጅ እኮ ታወቀ። ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ አላረፈም። ይኸው አንዷ መጋረጃው ውስጥ ቁጭ ብላልሻለች፤ ሂጂና ሥሪ።»

ፀጉር ሠሪዋ እጇን አየችው። ጥፍሯ ሥር አረፋ ቀርቷል። ቀፈፋት፤ እጇም፣ አረፋውም፣ የእትዬ ሽቶም። ይባረክ የተባለው እጅ የሰው ገመና ማስጫ ሆኖ መዋሉ አንገሸገሻት።

ከመጋረጃው ጀርባ የተቀመጠችው ወፈር ያለች ሴት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠቻት። «ቪዲዮውን አይቼ ነው የመጣሁት እህቴ። ሴትዮዋን እንዴት በቀስታ እንደነካሻት ሳይ አለቀስኩ። እሷ መቼም ፈቅዳ ነው፤ እኔን ግን አታወጡኝም አይደል?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት እትዬ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አንገታቸውን አስገቡ። «ኧረ የኔ እናት፣ ምን በወጣሽ! እሱ ለሌባ ነው፤ አሁን ጠፍቷል።»

ጣሪያው ላይ የካሜራው ቀይ መብራት በርቷል። ሴትየዋ ተረጋግታ የሻርፗን ቋጠሮ መፍታት ስትጀምር ፀጉር ሠሪዋ እጇን ያዘቻት።

«አትፍቺው» አለች። «ይቀዳል። ያቺ ሴትዮም አልፈቀደችም።»

«አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም?» አሉ እትዬ።

ፀጉር ሠሪዋ ቋጠሮውን መልሳ አጠበቀችላት። ማበጠሪያዎቿንና መቀሷን ከመሳቢያው ወደ ቦርሳዋ ገለበጠችና በጓሮ በር ወጣች። ሌላ ሰው ቀድሞ ከሚያሳያት ከኔው ትስማው ብላ ለመምህርቷ ደወለች።

«ወዬ እህቴ» አለች መምህርቷ። ከኋላዋ የተማሪ ጫጫታ ይሰማል። «የነገው ሰዓት ተቀየረ እንዴ?»

«አንድ ነገር ልነግርዎ ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «መጀመሪያ ከልጆቹ ራቅ ይበሉ።»