የስድስቱ እንግዶች ሽኝት

ጥፋቱ የኔ ነው። እናቴን መርሳት ሲጀምራት ሐኪሙ «ቤቱን አትለዋውጪባት፤ የለመደችው ነገር ነው የሚይዛት» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ግትር ነኝ፤ ሳሎናችንም አስጠልቶኝ ነበር። ጉርድ ሾላ፣ ቢሮዬ አጠገብ ካለ ሱቅ ስድስት የሶፋ ትራሶች ገዛሁ። የድሮ የሩሲያ መኳንንት ፊት የታተመባቸው ናቸው፤ ደረቱን ኒሻን የሞላው ጄኔራል፣ ዕንቁ ያሰረች እመቤት፣ ሌሎችም ሁሉን የናቁ ጌቶች።

ትራሶቹን ሶፋው ላይ ስደረድር እናቴ አባይነሽ ብድግ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። «ቤት ለእንግዳ» ብላ እጅ ነሳቻቸው።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ «እንግዳ ጦሙን ውሎ እኔ እበላለሁ?» ብላ ምግብ እምቢ አለች። ላነሳቸው ስል «ሰው ታባርሪያለሽ?» ብላ አለቀሰች፤ ተውኳቸው።

ሐኪሙ ሌላም ነገር ብሎኝ ነበር፤ አንድ ቀን እኔንም እንደምትረሳኝ። ከዚያ ወዲህ በር ስከፍት መጀመሪያ የማየው ዓይኗን ነው። «ፌበን፣ መጣሽ?» ስትለኝ ነው የምተነፍሰው።

ቀን አብራት የምትውለው ዶርቃ አሥር ተኩል ላይ ትወጣለች፤ እኔ አሥራ አንድ ላይ እደርሳለሁ። ያቺን ግማሽ ሰዓት ንቄያት ነበር። ሐሙስ ዕለት የታክሲ ሰልፍ አስመሸኝ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ስደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሶፋው ባዶ ነው። እናቴም የለችም።

እየሮጥኩ ወደ ጎረቤታችን ባለሱቋ ዘሊካ ሄድኩ።

«ትራሶቹን በነጠላ አዝላ ወደ ላይ ስትወጣ አይቻታለሁ» አለችኝ። «ፀሐይ ልታስመታቸው መስሎኝ፤ ወላሂ፣ ብጠረጥር አልለቃትም ነበር!»

ወደ ታች ቢሆን ሰው አለ፤ ላምበረት መናኸሪያ ድረስ ብትሄድ እንኳ አንዱ ያስቆማታል። ወደ ላይ ያለው የእንጦጦ ጫካ ነው፤ ሲመሽ ጅብ ይወርድበታል። የእናቴ ዘመዶች ድሮ ከሱሉልታ፣ ከተራራው ጀርባ ነበር በእግር የሚመጡት። ሲመለሱ እስከ ባሕር ዛፉ ትሸኛቸው ነበር። ከቤታችን እንግዳ ሳይሸኝ አይሄድም።

ጄኔራሉን የመጀመሪያው ባሕር ዛፍ ሥር አገኘሁት። አልተጣለም፤ ፊቱን ወደ ተራራው አዙራ፣ ግንዱን አስደግፋ አስቀምጣዋለች። ትንሽ ከፍ ብሎ እመቤቲቱ። እየተጣራሁ ወጣሁ፤ ጉም እየወረደ ነው። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። አንዱን ባገኘሁ ቁጥር ደስ ሊለኝ ሲገባ ይበልጥ ፈራሁ፤ ስድስቱ ካለቁ ሌላ ምልክት የለኝም።

ስድስተኛውንም አገኘሁት፤ እናቴ ግን አጠገቡ የለችም። ከሸለቆው ማዶ ጅብ ጮኸ። «እማዬ!» ብዬ ጮህኩ።

ካለሁበት ከፍ ብሎ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላለች። አንድ ጫማዋ የለም፤ ትንቀጠቀጣለች። አጠገቧ ተንበርክኬ ዓይኗን ፈለግኩ። በትሕትና ፈገግ አለች፤ ለማያውቁት ሰው እንደሚደረገው።

«እርስዎ ደግሞ ቀርተው ኖሯል?» አለችኝ። «ሌሎቹን ሸኘሁ። ይሂዱ እንግዲህ፣ መንገድዎ ሩቅ ነው።»

«ፌበን ነኝ።»

«ደግ ስም ነው» አለች።

የፈራሁት ቀን ዛሬ ሆነ። እዚያው ጮኬ ላለቅስ ነበር፤ ጅቡ አሁን ከቅርብ ጮኸ። እንባዬን ዋጥኩት።

«የኔ ቤት በታች በኩል ነው» አልኳት። «ብቻዬን እፈራለሁ። እስከ በሬ ይሸኙኝ።»

«ሸኚ ቤት አያደርስም ይባላል።»

«ዛሬ ያድርሰኝ፣ እናቴ።»

አሰብ አድርጋ ተነሳች። እንዳልወድቅባት ክንዴን ያዘችኝ። መኳንንቱን በየግንዱ ሥር ትተናቸው ወረድን፤ እሷ እያጽናናችኝ፣ እኔ እየፈራሁ።

በራችን ላይ ስንደርስ ክንዴን ለቀቀች። «በሉ፣ ደህና ይደሩ» ብላ ፊቷን ወደ ተራራው መለሰች።

በሩን ከፍቼ ዝቅ ብዬ እጅ ነሳኋት።

«ቤት ለእንግዳ» አልኳት።

ነጠላዋን አስተካከለችና፣ አንገቷን ደፍታ ገባች።