ከሰኞ ጀምሮ

ዓሊማ ሰው ለመለካት ሜትር አትፈልግም። ሞጣ ገበያ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፤ ደንበኛ ከሱቋ ደጃፍ ብቅ ስትል ከላይ እስከ ታች አንዴ ታያትና «ላንቺ ሦስት ሜትር ተኩል» ብላ መቀሷን ታነሳለች። ሜትር የምታወጣው ተጠራጣሪ ሲያጋጥማት ብቻ ነው፣ ያውም ለማሳፈር። «ዓይኔ ውሸት አያውቅም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ዓይኗ አይዋሽም። የሚዋሸው አፏ ነው፣ እሱን ደግሞ ቆይተን እናየዋለን።

ልጇ ሪሃብ ያገባችው ቢቸና ነው። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ እናት ቤት ይወለዳል፤ ክርስቲያን ይሁን እስላም ይህን ደንብ የሚሽር የለም። ስለዚህ ሪሃብ ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ ባሏ ሙጀሂድ ከነሻንጣዋ አምጥቶ ለእናቷ አስረከባትና ወደ ንግዱ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዓሊማ ሥራዬ ያለችው አንድ ነገር ነበር፤ ልጇን ማወፈር። ጠዋት ገንፎ፣ ረፋድ ላይ አጥሚት፣ ማታ ደግሞ መረቅ። አማት መጥታ «እናቷ ቤት ገብታ ከሳች» ካለች ምን ቀረ? ሞጣ ላይ በየትኛው ፊቷ ቆማ ጨርቅ ትሸጣለች?

ሪሃብ ቢቸና እያለች ጤና ጣቢያ ክትትል ነበራት። እንደመጣች «እማ፣ አዋላጇ የደም ግፊትሽን በየሳምንቱ ተለኪ ብላኛለች፤ እዚህም እቀጥላለሁ» ብላ ነበር። ዓሊማም «እሺ» አለች። እሺ ማለት ምን ያቅታል! በመጀመሪያው ሳምንት እንግዳ መጣ። በሁለተኛው ከባሕር ዳር ዕቃ ገባ። በሦስተኛው ሳምንት ሪሃብ «ብቻዬን ሄጄ ልመለስ» ብትል ዓሊማ ዘራፍ አለች። «በዚህ ሆድሽ ብቻሽን? የሰው ዓይን አለ! ደግሞስ ካርድሽ ቢቸና፣ እዚህ ማን ያውቅሻል?» ዛሬ ነገ ሲባል ወር አለፈ።

ሰኞ ዕለት ሪሃብ ራሷን ይዛ ተነሳች።

«ምች ነው» አለች ዓሊማ። ከጎኗ በርበሬና ቅመም የምትሸጠው ፈንታነሽ ከጓሮዋ ዳማከሴ ቆርጣ አመጣች፤ ቅጠሉን አሽተው ግንባሯን ቀቧት። ማክሰኞም ራስ ምታቱ አለ። ረቡዕም አለ። ፈንታነሽ ያን ጊዜ ወንበሯን አስጠግታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ዓሊማ፣ ምች እንዲህ አይከርምም። ጤና ጣቢያው እኮ ከአፍንጫችን ሥር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።»

«ነገ አማቷ ይመጣሉ። ጤና ጣቢያ ለጤና ጣቢያ ስጎትታት አግኝተውኝ ‹ደህና ልጅ ብንሰጣት በሽተኛ አድርጋ ጠበቀችን› ይበሉኝ? ሐሙስ ይለፍና እወስዳታለሁ።»

«በሽታው ሐሙስ እስኪያልፍ ይጠብቃል?»

«አንቺ ደግሞ! ምነው አፍሽን ለደግ ብትከፍቺው?»

ፈንታነሽ ተቀየመች፤ ወንበሯንም መለሰች። ዓሊማ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ሂዳያ፣ የሙጀሂድ እናት፣ ከቢቸና ተሳፍረዋል ተብሎ ተደወለ። ዓሊማ ለዚህ ቀን ያዘጋጀችው ቀሚስ ነበር፤ ከሱቋ ምርጥ የሆነው አረንጓዴው ጨርቅ። እሑድ ዕለት ልብስ ሰፊው ሰጥቷት ሪሃብ ለክታው ነበር፤ እንዲያውም ሰፋ ብሏት «ልውለድና እናስጠብበዋለን» ተባብለው ስቀዋል። አሁን ሪሃብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ክንዷን ወደ እጅጌው ሰደደች። እጅጌው ክርኗ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ግፊው» አለች ዓሊማ።

«አልገባም አለ።»

«ሰፊው አጥብቦት ነው።» ይህን ስትል ራሷም አላመነችውም። እሑድ የገባ እጅጌ ነው። እሷው ራሷ ናት ያስገባችው።

«እማ» አለች ሪሃብ፣ ዓይኗን በመዳፏ እየሸፈነች፤ «ብልጭ ብልጭ ይልብኛል። ግድግዳው ላይ ብርሃን የሚራወጥ ይመስለኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት ወዲያ። እንዳትጨነቂብኝ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

ዓሊማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለችና ልጇን እንደ ደንበኛ አየቻት፤ ከላይ እስከ ታች፣ አንዴ። እሑድ የቆረጠችላት አራት ሜትር ነበር። አሁን ዓይኗ አምስት አላት። የሪሃብ ፊት አብጦ የዓይኗ ሽፋን ከብዷል፤ ቀለበቷ ጣቷ ሥጋ ውስጥ ተቀብሯል። ሰው በአራት ቀን አንድ ሜትር አይወፍርም! በየትኛው ገንፎ? በየትኛው ቅቤ? ጎንበስ ብላ አውራ ጣቷን የልጇ ቅልጥም ላይ ጫን አድርጋ ለቀቀች። የጣቷ ጉድጓድ እዚያው ቀረ። ጎረቤት እየጠራች «ልጄን እዩልኝ፣ ተመችቷታል» ስትል የሰነበተችው ይህን ነበር።

«ያ አላህ፣ ምን አደረግሁ» አለች። ቀሚሱን ወረወረችው። የራሷን ነጠላ ልጇ ላይ ጣል አደረገችና ባጃጅ ልትጠራ በሩን ስትከፍት፣ እትዬ ሂዳያ በር ላይ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የማር ጀሪካን፣ በሌላው ቅቤ የታሰረበት ቅል። ፊታቸው ግን የእንግዳ ፊት አልነበረም፤ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «ልጄስ? ሪሃብስ?» አሉ።

ዓሊማ ይህን ልብ አላለችም። በዚያች ደቂቃ የነበራት ሐሳብ አንድ ነው፣ እሱም የሚያሳፍር ነው፤ አራት ቀን ሙሉ ልጅ ራሷን ይዛ ስትቃትት እናቷ ቅጠል ስታሸት ከረመች መባሉ። ሪሃብን ደግፋ ስታስነሳ ጆሮዋ ሥር ተጠጋች። «ዛሬ ጠዋት ነው የጀመረኝ በይ። በአላህ፣ እናትሽን አታዋርጂ።»

ሪሃብ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

«ለክትትል ልንወጣ ስንል ደረሱ» አለች ዓሊማ ለአማትየዋ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች።

«እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አሉ እትዬ ሂዳያ። ማሩንም ቅቤውንም ሳያስቀምጡ ባጃጁ ውስጥ ገቡ።

መንገዱ አጭር ነው፤ ለዓሊማ ግን አላልቅ አላት። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ሪሃብ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ትነክሳለች። ዓሊማ «ቀስ በል!» ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ «ምነው ፍጠን እንጂ!» ሾፌሩ በመስታወት አያት፤ ምን ያድርግ!

ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ፊት ሰልፍ ነበር። ዓሊማ ሰው ገፍታ ልትናገር ስትል ዘበኛው የሪሃብን ፊት አየና ሰልፉን ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ እናቶች ክፍል መራቸው። ሲስተር ማስተዋል የምትባል ቀጠን ያለች አዋላጅ ተቀበለቻቸው። ሪሃብን አስቀምጣ የግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠቀለለች። ክንዱ ወፍሮ ማሰሪያው አልያዝ ብሎ ሌላ ሰፋ ያለ አመጣች። ክፍሉ ውስጥ አየር የሚወጣበት ድምፅ ብቻ ነበር።

«የላዩ መቶ ሃምሳ፣ የታቹ መቶ» አለች ሲስተር። «ከፍ ብሏል። ራስሽን ያምሻል?»

«ትንሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዛሬ ጠዋት» አለች ሪሃብ።

«ዓይንሽ ላይ ብዥታ፣ ብልጭታ ነገር አለ?»

ሪሃብ እናቷን አየች። «የለም።»

«እዚህ፣ ከጎድንሽ ሥር ሕመም?»

«የለም።»

ሲስተር ማስተዋል ጻፈች። «ጥሩ። እንዲያ ከሆነ ጋደም በይና ከጥቂት ቆይታ በኋላ ደግሜ እለካሻለሁ። ከወረደ ኪኒን ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ እሑድ ትመለሻለሽ።»

ይህን ጊዜ ዓሊማ ተገላገልኩ ማለት ነበረባት። ውሸቱ ሠርቷል፤ አማትየዋም ቆመው ሰምተዋል። ኪኒን፣ እሑድ፣ ቤት። ከዚህ የተሻለ ምን ትፈልጋለች? ግን ልጇ የዋሸችው ለእሷ ብላ ነው። ብርሃኑ አሁንም ዓይኗ ፊት እየተራወጠ፣ ለእናቷ ስም ብላ «የለም» ትላለች። ይህች ልጅ እኮ ለእኔ ስትል ትሞታለች፣ አለች ዓሊማ በልቧ። ቃል በቃል ነው ያለችው።

«ውሸት ነው» አለች ጮክ ብላ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ከሰኞ ጀምሮ ነው። ራሷን ያመማት ከሰኞ ጀምሮ ነው፣ ሲስተር። ከማክሰኞ ወዲህ ዓይኗ ላይ ብልጭ ይልባታል። እሑድ የገባ ቀሚስ ዛሬ ክርኗን አላለፈም። እኔ ነኝ ዛሬ ነው በይ ያልኳት። እኔ ነኝ ያስቀረኋት። ወር ሙሉ ልሂድ ስትል እኔ ነኝ ያስቀረኋት!» እትዬ ሂዳያን ቀና ብላ አላየቻቸውም። ይፈርዱ እንደሆነ ይፍረዱ።

ሲስተር ማስተዋል አልተቆጣችም፤ ለመቆጣትም ጊዜ አልነበራትም። እስክሪብቶዋን ጥላ እንደገና ለካች። መቶ ሰባ ሆኗል። «ሪሃብ፣ እውነት ነው?» ሪሃብ እንባዋ እየወረደ ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ሩጫ ሆነ። አንዷ መርፌ ስታዘጋጅ ሌላዋ ለአምቡላንስ ደወለች። «ይህ መርፌ እንዳያንዘፈዝፋት ነው። ሆስፒታል ሐኪም ይጠብቃታል፤ ልጁ መውጣት ሊኖርበት ይችላል» አለች ሲስተር፣ እጇ ሥራውን ሳያቆም። ወደ ዓሊማ ዞር ብላ ደግሞ «እንኳን ነገሩኝ፣ እናቴ» አለች። ዓሊማ ከዚያ ሁሉ ሰዓት በኋላ ያለቀሰችው ይህን ስትሰማ ነው።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሁለቱ እናቶች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሪሃብ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታለች። ማሩና ቅቤው እግራቸው ሥር ነው። ብዙ ቆዩ፤ በሩ አይከፈትም። ዓሊማ ስድቡ አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል ብላ ትጠብቃለች።

እትዬ ሂዳያ ከጉያቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ጠርዙ አልቋል።

«ዓሊማ፣ እህቴ፣ ያንቺው ከሰኞ ነው» አሉ። «የእኔ ከወር በፊት ነው።»

«ምንድን ነው?»

«ቢቸና ያለችው አዋላጅ ቤቴ ድረስ መጥታ የሰጠችኝ ነው። ‹መጨረሻ ስትለካ ግፊቷ ከፍ ብሎ ነበር፣ ሳምንት እንዳታሳልፍ፣ ይህን ሞጣ ለሚከታተሏት አድርሱላት› ብላ። ልደውል ስልኬን አነሳሁ። ክፉ ወሬ በስልክ ይነገራል? ስሄድ እሰጣታለሁ አልኩ። ልሄድ ስል ደግሞ አራስ ልትሆን የደረሰች ምራቴ ቤት ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ? ማሩ እስኪቆረጥ፣ ቅቤው እስኪጠራቀም ጠበቅሁ።» ጀሪካኑን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። «ለዚህ። ለዚህ ስል!»

ዓሊማ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ወር ሙሉ! ግን ምን ብላ ትቆጣለች? እሷ ልጇን ለማወፈር፣ እሳቸው ጀሪካን ለመሙላት፤ ሁለቱም ሰው ምን ይለኛል ሲሉ ልጅቷ መሐል ላይ ቀረች። የእትዬ ሂዳያን እጅ ያዘችና ጭምቅ አደረገችው።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። ሐኪሙ ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ «የሪሃብ እናት?» ሲል ሁለቱም ተነሱ።

«ሴት ልጅ ናት። ትንሽ ናት፣ ለጊዜው ሙቀት ክፍል ትቆያለች። እናትየዋም ግፊቷ እስኪረጋጋ እንከታተላታለን። ግን በጊዜ ደርሳችኋል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሁለቱም። ዓሊማ ኮሪደሩ ወለል ላይ ግንባሯን ደፋች።

በዘጠነኛው ቀን ሪሃብ ስትወጣ እብጠቱ ጎድሎ ቀለበቷ ጣቷ ላይ ይሽከረከር ነበር። ከስታለች። ዓሊማ አየቻትና ከልቧ ደስ አላት። ነርሷ የቀጠሮ ወረቀት ጽፋ «በሳምንቱ ለግፊቷ ትመለስ፤ ራስ ምታት ወይም ብዥታ ካለ ግን ቀኑን ሳትጠብቁ፣ በዚያችው ሰዓት» አለችና ወረቀቱን እንደ ልማድ ለእናትየዋ ለዓሊማ ዘረጋች።

እትዬ ሂዳያ ቀኑን አዩና «የገበያ ቀን ነው» አሉ።

ዓሊማ እጇን ሰብሰብ አደረገች። ወረቀቱን አልተቀበለችም።

«ለእኔ አትስጭኝ፣ ልጄ» አለች ለነርሷ። «ለእሳቸውም አትስጫቸው። ለራሷ ለሪሃብ ስጫት። እሷ ልሂድ ብላ ስትነሳ እኛ ሕፃኗን ይዘን እንከተላለን።»