ያጋቧቸው ፕሬዚዳንት

መጀመሪያ የተሰማው ሸራ ሲቀደድ ነው፤ ጥርርር፣ ዝም፣ ደግሞ ጥርርር። የፓርቲው አዲስ እጩ ናም ኪሱ ተነሥቶ በመስኮቱ ቁልቁል ሲያይ፣ በገመድ የተንጠለጠሉ ሠራተኞች ከሕንፃው ፊት የተዘረጋውን ትልቅ ምስል ለሁለት እየቀደዱ ነው። የፕሬዚዳንቱ ፊት ወርዷል። የናም የራሱ ፊት ብቻ እየሳቀ ቀርቷል። ምን ተሰማኝ ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ ምንም።

ክፍሉ ውስጥ ክርክሩ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ወጣቶቹ አማካሪዎች መንገዱና ሆስፒታሉ የኛ ነው፣ የቤት ዋጋ የናረው ግን በፕሬዚዳንቱ ነው እንበል አሉ። ሌላው፣ አንንቀፋቸው፣ ብቻ አብረን ፎቶ አንነሣ አለ። የቅስቀሳው ኃላፊ ወይዘሮ ፒዮ ሄጃ በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዛቸውን እያላመጡ ሁሉንም ሰሙና ሳቁ።

"ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ አቶ ናም። ከሳቸው በፊት የነበሩት ፕሬዚዳንቶች ጊዜያቸው ሲያልቅ ራሳቸው ፓርቲውን ይለቁ ነበር። እኚህ ሰውዬ ግን ወንበሩ ላይ ሙጫ ሳይኖር አይቀርም። ነገ በአደባባይ ፓርቲውን ይልቀቁልን ይበሏቸው።"

ጥግ ላይ ሚስቱ ዎን ኦክሂ መንደሪን ትልጣለች። አባቷ ቀድሞ ስለሞተ፣ በሠርጋቸው ቀን መድረክ ላይ ቆመው ቃል ያስገቧቸው እኚሁ ፕሬዚዳንት ናቸው፤ ያኔ ተራ የምክር ቤት አባል ነበሩ። በየአዲስ ዓመቱ ባልና ሚስቱ፣ ለወላጅ እንደሚደረገው፣ ወለል ላይ ተደፍተው ይሰግዱላቸዋል። እሷን "ልጄ" እንጂ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። ጠዋት መኪና ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ለምናው ነበር፤ ይልቀቁ የሚባል ከሆነ ሌላ ሰው ይበለው፣ አንተ አትበለው ብላ።

"እትዬ ፒዮ፣ ሌላ ሰው ቢለውስ?" አለ ናም።

"ሌላ ሰው ካለውማ ሌላ ሰው ይመረጣል። ያሳደግኩት ልጅ ነው የሚሉት እርስዎን አይደል? ሕዝቡም ከእርስዎ አፍ ካልሰማው አያምንም። እስቲ ያንብቡት።"

ወረቀቱን አነሣ። "ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ለፓርቲያችን ሲሉ ይልቀቁልን።" አልተንተባተበም። የጎረቤት ዕቃ ሲጫን ዳር ቆሞ የሚያይ ያህል ነበር።

"ጥሩ ነው፤ ትንሽ ሐዘን ቢጤ ጣል ያድርጉበት" አሉ ወይዘሮ ፒዮ።

ሐዘን ጨምሮ ደገመው። የበለጠ አማረ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ።

ኦክሂ የላጠችውን መንደሪን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። እጇን ጠረገች፣ ካፖርቷን ደረበች፣ ቁልፎቹን እስከ አንገቷ አንድ በአንድ ቆለፈች።

"ወዴት ነው?" አላት።

በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ሄደች።