ሸክላው ዝም ያለባቸው እሁዶች

እጅ ነበር... አየር ላይ የተዘረጋ፣ ሌላ እጅ የሚጠብቅ።

ከእጁ ጀርባ ደግሞ ድምፅ። ትርንጎ ገና ልጃገረድ ሳለች፣ ድሬዳዋ፣ በባቡር ሠራተኞቹ አዳራሽ በር ላይ ሰምታ ግማሹን የረሳችው።

«የዚች ልጅ እጅ አያያዝ እንደ ጉጠት ነው!»

«ተዋት... ትለቃለች። ቀስ ብላ ትለቃለች።»

በኋላ ባሏ የሆነው መንበሩ ይበለው፣ ሸክላ አጫዋቹ ሙክታር ይበለው... አታስታውስም። ሳቁን ብቻ።

እሁድ ከሰዓት ነበር። ሁልጊዜ እሁድ ከሰዓት።

ሙክታር ሸክላውን ማጫወቻው ላይ ያስቀምጣል፤ መርፌዋ ኮሽ ትልና ስዊንጉ፣ ያ የፈረንጅ የጥንድ ዳንስ ዜማ፣ ይነሣል። ጥፍሩ ሥር ቀለም የደረቀበት ቀለም ቀቢ፣ ከተረኝነት የወጣች ነርስ፣ አስቀድሳ ነጠላዋን ያጣጠፈች ትርንጎ... ሁሉም አንድ ወለል ላይ፣ ሁሉም በአንድ ምት። አንዱ ሲሳሳት ሁሉ ይስቃል፤ አንዷ ስትቀር ሁሉ ይጠይቃል። ምን ሆና ነው? አሟት ነው? ይባላል። እንዲህ ነበር የሰው መሆን... እንዲህ ነበር።

እዚያው ወለል ላይ ዘረጋላት መንበሩ እጁን። ያዘችው። ዕድሜ ልኳን ያዘችው።

አዳራሹ ደግሞ ሥርዓት ነበረው። ከጥንዶቹ አንዱ ሲሞት፣ የቀረው ሰው በአንድ ሸክላ ብቻውን ይደንሳል፣ እጁን ወደ ባዶው ዘርግቶ። ያ ሰው እስኪደንስ ሸክላ አይዞርም፤ ጫማውን የሚቀይር የለም።

መንበሩ በሁዳዴ ሞተ... ቆርቆሮው በሙቀት በሚንጣጣበት። አርባው ወጣ፤ ሰማንያው ወጣ። ትርንጎ አልደነሰችም።

ብትዘረጋ እጇን፣ የሚይዘው የለም። የሚይዘው ከሌለ... መሞቱ እውነት ነው ማለት ነው።

እሁድ ከሰዓት ሆነ። ሽማግሌዎቹ የዳንስ ጫማቸውን በፌስታል ይዘው መጡ፤ ተቀመጡ፤ ሳይደንሱ ተመለሱ።

እሁድ ከሰዓት ሆነ። ነርሷ ሞተች፤ ባሏ ብቻውን ለመደነስ ተራ ያዘ፣ ከትርንጎ ኋላ።

እሁድ ከሰዓት ሆነ። ቀለም ቀቢው ሞተ፤ ሚስቱ ተራ ያዘች፣ ከነርሷ ባል ኋላ።

ሸክላው ዝም አለ...

አንድ ጠዋት ሙክታር ቤቷ መጣ፣ በከዘራ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ።

«ትርንጎዬ፣ ሁላችንንም በዝምታ ልታስቀብሪን ነው?»

«ሸክላው አንተ ጋ አይደል? አጫውተው!»

«አንቺ ሳትደንሺ? መንበሩ ተነሥቶ በገዛ ከዘራዬ ነው የሚለኝ!»

ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ።

«ዘሃራዬ ደክማለች» አለ ሙክታር፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። የአርባ ዓመት ሚስቱ ናት፣ የአርባ ዓመት የዳንስ ጓደኛው። «አንድ ሸክላ ሰምታ ብትሄድ ነበር የምመኘው። እኔም ከኋላችሁ ተራ ልይዝ ነው።»



«ሙክታር... ያኔ፣ በሩ ላይ፣ ‹ትለቃለች› ያለው ማን ነበር? እሱ ነው ወይስ አንተ?»

ከዘራውን ተመረኮዘ።

«ወላሂ አላስታውስም፣ እህቴ። እሱም ይሆናል። እኔም ልሆን እችላለሁ።»

አማተበች። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ነጠላዋ ውስጥ ተጨብጦ የከረመው እጇ ቀስ ብሎ... ቀስ ብሎ ተፈታ።

እጅ ነበር... ጭኗ ላይ የተዘረጋ፣ ማንንም የማይጠብቅ።

«መርፌዋን ወልውላት» አለችው። «ዘሃራን ደግፋችሁ አምጧት። እሁድ ብቻዬን እደንሳለሁ።»