ለፈተና የተቀመጠ ውሃ

ታላቅ እህቴ ለፈተና መመረጧን የሰማነው እንደ ምሥራች ነው። ማክሰኞ ዕለት ነርሷ ሆስፒታል የተኛችበት አልጋ ድረስ መጥታ፣ "እናቴ፣ ዓርብ የሕክምና ተማሪዎቹ የመጨረሻ ፈተና አለባቸው፤ እርስዎም ይተባበሩናል" አለቻት። የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች ሴት ሐኪም ሊፈተንባት ነው።

"መጽሐፍ... ሆንኩልህ" አለችኝ፣ በቃላቱ መሃል ትንፋሿን እየለመነች። ጋደም ማለት ካቃታት ሰንብቷል፤ ትራስ ተደግፋ፣ እንደተቀመጠች ነበር የምታድረው።

ዓርብ ጠዋት ስምንት አልጋ የተደረደረበት አዳራሽ አስገቡን። ጀርባዋን ደግፌ እንድቆም ፈቀዱልኝ፤ እንዳልናገር ግን አስጠነቀቁኝ። በየአልጋው አንድ ታማሚና አንድ ፈታኝ አለ፤ ተማሪዎቹ ደወል ሲደወል ከአልጋ አልጋ ይዘዋወራሉ። በእሷ ግርጌ ፕሮፌሰሩ የውጤት ወረቀት ይዘው ተቀምጠዋል።

የመጀመሪያዋ ተማሪ እጇን አሻሽታ አሞቀችና የእህቴን ጀርባ በጣቷ አንኳኳች። ግራው እንደ ባዶ በርሜል አስተጋባ፤ ቀኙ እንደ ሞላ በርሜል ድምፁን ዋጠ። ከሕክምና ጋር የማልተዋወቀው እኔ እንኳ ለየሁት።

"አርባ አራት ይበሉ፣ እናቴ" አለች፣ የድምፁን ንዝረት ለመዳሰስ መዳፏን ጀርባዋ ላይ አሳርፋ።

"አርባ... አራት።"

"ምን አገኘሽ?" አሉ ፕሮፌሰሩ።

"ቀኝ ሳንባዋ ውሃ ቋጥሯል። ብዙ ነው፤ ልቧን ሳይቀር ገፍቶታል።"

"ምን ታደርጊላታለሽ?"

"ሳልውል ሳላድር በመርፌ እቀዳዋለሁ።"

"ጎበዝ" ብለው ጻፉ። ደወል ተደወለ፤ ልጅቷ ወጣች።

ተመስገን አልኩ። በሽታው ታወቀ፣ መድኃኒቱም ታወቀ፤ አሁን መርፌው ይመጣል። የመጣው ግን ሁለተኛው ተማሪ ነው። አርባ አራት። ውሃ ነው። እቀዳዋለሁ። ጎበዝ። ሦስተኛውም እንዲሁ። አራተኛው ግራ ጀርባዋ ላይ ሲዳክር እህቴ አላስቻላትም፤ "የኔ ልጅ... በቀኝ ነው" አለችው።

"እናቴ፣ መልስ አይንገሩብን እንጂ" አሉ ፕሮፌሰሩ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ያንን ሳቄን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

አምስተኛዋ ስትመጣ የእህቴ ከንፈር ጠቁሯል። "አርባ" ብላ ቆመች።

"አራትም ይበሉ እንጂ።"

"አርባው... ይበቃሻል።"

ልጅቷም ያንኑ መለሰች፤ ያንኑ ተባለች። ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት።

"ይቅርታ ፕሮፌሰር፣ መልሷ ትክክል ነው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን አይቀዳላትም?"

ምንም አላፈሩም። ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብለው፣ "ከተቀዳማ ምልክቱ ይጠፋል። ገና ሦስት ተማሪ ይቀራል። እንዲህ ያለ ግልጽ ምልክት በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው" አሉኝ። ችላ አለመባሏን ሊያሳዩኝ ካርዷን ከፈቱልኝ። የማክሰኞ ቀን፣ ከነፊርማቸው፣ "ከዓርብ ፈተና በፊት ውሃው እንዳይነካ" ይላል።

ሚዛን ላይ ለምታጭበረብር ነጋዴ መንደር የማተራምሰው እኔ፣ ምላሴ ታሰረ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ እያወቁ አቆይተውታል። ምላሴ ሲፈታ አንቱታው አብሮ ተፈታ።

"አንተ፣ አምስት ልጆች 'አሁኑኑ አድኗት' አሉህ። አምስቱንም ማርክ ሰጥተህ አሰናበትካቸው።"

ስድስተኛው ተማሪ መጋረጃው ሥር ደርሶ ቆሟል። እህቴ በጣቷ ጠራችው።

"መቅዳት... ትችላለህ?"

"እችላለሁ፣ እናቴ።"

"አርባ አራት... አልልም። ቅዳልኝ።"

ልጁ ፕሮፌሰሩን አየ። ፕሮፌሰሩ ዞር ሲሉ የየአልጋው ፈታኝ ብዕሩን አስቀምጦ እሳቸውን እያየ ነው። "መርፌ አምጡ" አሉ።

አንድ ሊትር ተኩል ወጣ፤ ቢጫ ነው። እህቴ አገጯን ቀና አድርጋ አየሩን ሳበችው፣ ደግማም ሳበች፤ እንባዋ ወረደ።

ከጎናችን ባለው አልጋ ሆዳቸው እንደ ከበሮ የተነፋ ሽማግሌ ነበሩ። የተገለበ ሸሚዛቸውን ቀስ ብለው ወደ ታች ሳቡና ግርጌያቸው የተንጠለጠለውን ካርድ በአገጫቸው አመለከቱኝ።

"አንተ ልጅ፣ አንተስ ታነባለህ። የእኔ ላይ ምን ይላል?"

ፈታኛቸው እጁን ካርዱ ላይ አሳረፈ። እጁን አንስቼ ካርዱን ወሰድኩት።