መርቄ የገባሁበት ኢንተርቪው

ክፍሉ ውስጥ ስገባ ሦስቱም ጠያቂዎች ብድግ አሉ።

ስቱዲዮው አትላስ አካባቢ፣ ከአንድ ሆቴል ጀርባ ባለ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የስልክ ጌም ይሠራሉ። የሚፈልጉት የድምፅ ፕሮግራመር ነበር፤ በጌሙ ውስጥ መኪና ሲነሳ፣ ዝናብ ሲጥል፣ ሰው ሲሮጥ፣ የትኛው ድምፅ መቼና ከየት በኩል እንደሚሰማ በኮድ የሚወስን ሰው። እኔ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቀረጻ ቤት ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ የሰው ድምፅ ሳጸዳ ኖሬያለሁ። ኮድ መጻፍ ያስተማረኝ የለም። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከኢንተርኔት እያነበብኩ፣ እየተሳሳትኩ፣ በስድስት ዓመት ቀስ ብዬ ያወቅሁት ነው። ከዚያ ቀረጻ ቤቱ ተዘጋና ስምንት ወር ቤት ተቀመጥኩ። አምላክ አላሳፈረኝም፤ ባለቤቴ አፀደ አስተማሪ ናት፣ አልተራብንም። ግን ሰው በዚህ ዕድሜው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ የመረጠው ሥራ በር ላይ ሲደርስ እንደ ልጅ ይጓጓል።

ብድግ ሲሉልኝ ጊዜ ልቤ ሞላ።

«በእግዚአብሔር፣ በእግዚአብሔር! ተቀመጡ ልጆቼ። ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ፣ ክፉ አይንካችሁ» አልኩ።

«አሜን» አሉ፣ ሦስቱም ጎንበስ ብለው።

አለቃቸው ይትባረክ ይባላል፤ ሠላሳ እንኳ አይሞላውም። «ጋሼ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ከአራብሳ ስለሆነ በማለዳ ነው የተነሳሁት።»

«ኧረ ከቦሌ አራብሳ! ውሃ ስጧቸው እንጂ።»

ውሃ መጣ። ይትባረክ ወረቀቱን አየና «በአንድ ጊዜ ብዙ ድምፅ ሲመጣ ምን… ያው እርስዎ ያውቁታል» ብሎ ገጹን ገለበጠው። አጠገቡ ያለችው ልጅ ልጆች እንዳሉኝ ጠየቀችኝ። ሦስተኛው ደግሞ ስለ ቀረጻ ቤት እንዳወጋው ለመነኝ፤ አወጋሁት። ሲያበቃ እስከ ሊፍቱ ድረስ ሸኙኝ። ቤት ገብቼ አፀደን «ሥራው የኔ ነው፤ እንዴት ያሉ ሥርዓት ያላቸው ልጆች መሰሉሽ!» አልኳት።

ሐሙስ ዕለት ኢሜይል መጣ። አመስግነውኛል፣ ረጅም ዕድሜና ጤና ተመኝተውልኛል፤ ነገር ግን ችሎታዬን ለመመዘን የሚያበቃ ነገር ባለማግኘታቸው በዚህ ዙር ሊወስዱኝ አልቻሉም።

ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ዲና የምትባል የሀያ አምስት ዓመት ልጅ አለች፣ የጎረቤታችን የሀቢባ ልጅ። ሲኤምሲ አንድ ድርጅት ውስጥ ፕሮግራመር ናት። ደረጃው ላይ አግኝቻት ኢሜይሉን አሳየኋት። ሁለቴ አነበበችው።

«ጋሼ፣ ምን ምን ጠየቁዎት?»

«ስለ መንገዱ።»

«ከዚያስ?»

«ስለ ልጆች።»

«ስለ ኮድስ?»

«እሱንማ ‹ያው እርስዎ ያውቁታል› አሉኝ።»

ዐይኗን ጠበብ አደረገች። «ቆይ፣ ሲገቡ ምን አሏቸው?»

ነገርኳት። ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«መረቋቸው! ጋሼ፣ አሁን የመረቀን አባት ማን ደፍሮ ‹ተሳስተዋል› ይላል? እኔም ብሆን እግርዎን አጥብ ነበር እንጂ አልጠይቅዎትም።»

ሳቋ ሲያልቅ ነገሩ ገባኝ። እንደ ሥራ ፈላጊ ሳይሆን እንደ ሰርግ ቤት ሽማግሌ ነበር የገባሁት። እነሱም አሳዳጊያቸው ይባረክና እንደ ሽማግሌ ሸኙኝ። ያልተፈተነ ሰው ደግሞ አያልፍም።

በዚያው ዕለት ለይትባረክ ጻፍኩለት። አልተቀየምኩም፤ ነገር ግን ሌላውን በሚፈትኑበት ፈተና እኔንም አንድ ጊዜ ቢፈትኑኝ ውለታቸውን አልረሳም አልኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንድመጣ ቀን ሰጠኝ።

ዲና በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ፣ ሶላቷን አድርሳ፣ ወደ እኛ ልትወርድ ተስማማን። የምትጠይቀኝ እንደ ጠያቂዎቹ ሆና ነው። የመጀመሪያው ቀን አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ መለስኩ።

«ጥሩ ነው ጋሼ። ትንሽ ብቻ…» አለች።

የሰው ድምፅ ሳዳምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አፍ ብቻውን ሲናገር እለያለሁ። «ጥሩ አይደለም፣ አይደል?»

«…አይደለም።»

«ታዲያ በይዋ።»

«እንዴት ብዬ? ሽበትዎን ሳይ አፌ አይታዘዘኝም።»

አሰብኩና «እንግዲያው ሽበቴን አትይው። ወንበርሽን አዙሪና ወደ ግድግዳው ሆነሽ ጠይቂኝ» አልኳት።

ዞረች። እኔም ዞርኩ። ጀርባ ለጀርባ ሆነን ቁጭ ስንል አፀደ ከማድ ቤት ብቅ አለች።

«ምነው ተጣላችሁ እንዴ? ሽማግሌ ልላክ?»

በዚህ ዓይነት ያዝነው። መጀመሪያ ላይ «አይሠራም» የምትለው ቃሉን እንደ ሰረቀችው ሁሉ በሹክሹክታ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ግድግዳው አጀገናት።

«አይሠራም! ድምፁን በተፈለገ ቁጥር ከስልኩ ውስጥ እየፈለጉ የሚከፍቱት ለምንድነው? ጌሙ ይንቀራፈፋል እኮ። ተጫዋቹ እስኪከፍቱለት ቆሞ ይጠብቅዎት?»

«አይ፣ ቀድሜ ከፍቼ አስቀምጠዋለሁ።»

«እሱን መጀመሪያ ይበሉት! ደግሞ ታሪክ አልጠየቅኩም ጋሼ፣ መልሱን ነው።»

እውነቷን ነው። እኔ መልስ ስጀምር ከአዳም ነው የምነሳው።

አንድ ቀን ግን «ይሄንን የሁለተኛ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል» አለችኝ። ከወንበሬ ተነሳሁ። እሷም ተሰናብታኝ ወጣች። ጸሎቴን ላደርስ ስቆም ቃሉ አልመጣልኝ አለ። ለካ ተቆጥቼ ኖሯል፤ ያውም የለመንኩትን ስለሰጠችኝ። በማግስቱ እግሯን ደረጃው ላይ ስሰማ በሩን ቀድሜ ከፈትኩላት።

ቀኑ ደረሰ። ሦስቱም እንደገና ብድግ አሉ።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። ምርቃቱ ስወጣ ይደርሳል፤ አሁን ጠይቁኝ» አልኩ።

ሳቁ፤ ግን ይትባረክ በእጁ ብዕሩን ሲያሽከረክር ጭንቀቱ ይታያል። ያቺን የገለበጣትን ጥያቄ አወጣት።

«ተጫዋቹ የተጨናነቀ መንገድ ላይ ነው እንበል። አርባ መኪና በአንድ ጊዜ ጥሩንባ ይነፋል። ስልኩ ግን በአንድ ጊዜ ከአሥራ ስድስት ድምፅ በላይ አያሰማም። የትኞቹን ይመርጣሉ?»

«ለተጫዋቹ የቀረቡትን አሥራ ስድስት።»

ብዕሩን አስቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ። አጠገቡ ያለችው ልጅ ዐይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች።

«ይሄ… ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይሄ አይሠራም።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ! አፌ ላይ «ተመስገን» የሚለው ሊያመልጠኝ ነበር። ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋሁ። «ለምን አይሠራም?»

«ከሩቅ አምቡላንስ እየመጣ ነው። ተጫዋቹ መንገድ መልቀቅ አለበት። ቅርብ ያሉት ጥሩንባዎች ግን ቦታውን ሞልተውታል፤ ሳይሰማው ይገጨዋል።»

ትክክል ነው። ማሰብ ጀመርኩ፤ ሳስብ ደግሞ ዲና እንዳስለመደችኝ ሐሳቤን እየተናገርኩ ነው። «መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ ሃያ ረዳት አጠገቤ ይጮኻል። አንዱንም አልሰማውም። ከማዶ ‹አራብሳ፣ አራብሳ!› ሲባል ግን ጆሮዬ ይቆማል። እና ቅርበት ብቻውን አይበቃም። ለእያንዳንዱ ድምፅ ለተጫዋቹ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ነጥብ እሰጠዋለሁ፤ ቅርበቱን ከዚያ ጋር አጣምሬ ከፍተኛ ነጥብ ያገኙትን አሥራ ስድስት አሰማለሁ።»

«በየቅጽበቱ ደረጃቸው ከተለዋወጠስ? ድምፆቹ ብልጭ ድርግም አይሉም?» አለች ልጅቷ፣ ዐይኗን አንስታ።

«ይላሉ። እንግዲያው አንዴ የገባ ድምፅ በትንሽ ብልጫ ብቻ አይውጣ። ሲወጣም ቀስ እያለ ይክሰም።»

«እስቲ ይጻፉት።»

ኮምፒውተሩን አዞሩልኝ። እጄ እንደ እነሱ ፈጣን አይደለም። መጀመሪያ የጻፍኩት አልሠራም፤ ይትባረክ መስመሩን በጣቱ አሳየኝ፣ አረምኩት። አንዱን ደግሞ እሱ ተሳስቶ እኔ አሳየሁት፤ ሳቀ። ሲጨርሱ ከጀመርን ሁለት ሰዓት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር፤ ማንም ውሃ ያስታወሰ የለም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ይትባረክ ደወለ። ሰኞ ይጀምሩ አለኝ፤ ሦስት ወር ሙከራ ነው። «ፍጥነቱ ይቀርዎታል ጋሼ፣ እሱን እንሠራበታለን» ብሎ ጨመረበት። ይህችን ያልጠየቅኳትን እውነት ስለጨመረልኝ አመሰገንኩት።

አፀደ እልልታዋን ሳትጨርስ ወደ ላይ ወጣሁ። በሩን የከፈተችው ሀቢባ ናት።

«ዲና አለች?»

«ሶላት ላይ ናት። ምነው፣ ሆነ እንዴ?»

«ሆነ ሀቢባ። ሰኞ እጀምራለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ እጆቿን ደረቷ ላይ አደረገች። ቀጥላ ወደ ውስጥ ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሁን ካለፈ ወዲያ ልንገርህ። ይቺ ልጅ ከእናንተ ቤት ስትመለስ እህል አይወርድላትም ነበር። ‹እማ፣ ዛሬም ጋሼን አዋረድኳቸው፤ ነገ አልወርድም› ብላ ታለቅሳለች። ሲነጋ ደግሞ ‹እኔ ካልነገርኳቸው ማን ይነግራቸዋል› ትላለች። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያለችህ ቀንማ አላህ ይቅር እንዲላት ስትለምን ከመስገጃ ምንጣፉ አልነሳ ብላኝ ነበር።»

የበሩን መቃን ያዝኩ። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ በጆሮዬ እየተመካሁ፣ ያቺ ከጀርባዬ የተቀመጠች ልጅ የምታወጣው ድምፅ ውስጥ ይሄ እንዳለ አልሰማሁም።

ዲና ምንጣፏን እያጠፈች ብቅ አለች። ፊቴን አይታ ደነገጠች።

«እንቢ አሉ?»

«ተቀብለውኛል ልጄ።»

ምንጣፉ ከእጇ ወደቀ። ወዲያው ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። «ያንን ሁሉ የተናገርኩዎትን ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።»

ሳትደርስ ትከሻዋን ይዤ አቀናኋት። ሁለቱን እጆቿን ይዤ ግንባሬ ላይ አደረግኳቸው። እሷ አለቀሰች፣ እኔም እንደዚያው።

«በሉ ደጅ ላይ አትቁሙ፣ ግቡ» አለች ሀቢባ፣ ምንጣፉን አንስታ አቧራውን እያራገፈች።