የቢስኪት ልብ

በሳጥኔ የመጣብኝ በዓይኔ እንደመጣብኝ ነው። በረዶ ላይ መንሸራተቻ የሚጎትቱ የእሽቅድምድም ውሾችን ልብ የምንመረምርበትን ሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሁለት ሽቦ ከውሻው ደረት ተነሥቶ ይገባበታል፤ እሱ በሁለቱ መካከል ያለችውን ቅንጣት የኤሌክትሪክ ልዩነት ሺህ ጊዜ አጉልቶ ወረቀት ላይ ይሥላል። እዚህ ሰሜን ካናዳ፣ ዩኮን፣ በጥር ወር አየሩ ደረቅ ነው፤ ሰው ውሻውን ደባብሶ ሽቦውን ሲነካ ብልጭ ይልና ሳጥኑ ይሞታል። ሦስቴ ሞቶብኛል። በአራተኛው በየሽቦው መግቢያ ሬዚስተር የሚሉትን የኤሌክትሪክ ማገጃ አስገብቼ ብልጭታውን ገታሁት፤ ከዚያ ወዲህ ማን ይቻለኝ።

ባለፈው ዓመት ታዲያ ይኸው ሳጥን የተወዳዳሪውን የአምብሮዝን መሪ ውሻ፣ ቢስኪትን፣ ከውድድር አስወጣው። በልቡ ምት መካከል ትርፍ ምት ታየ፤ የእንስሳት ሐኪማችን ሉሲል በዚህ ልብ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር አይሮጥም አለች። አምብሮዝም ያለ መሪዬ አልሄድም ብሎ ውሾቹን ጭኖ ቤቱ ገባ። ዘንድሮ ቢስኪት ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከዚህ በኋላ ሌላ ውድድር የለውም።

ውድድሩ ከሚጀመርበት በፊት ባለው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ቢስኪትን የምርመራው አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አወጣነው። መስመሩ ደህና ሲሄድ ቆይቶ ትርፍ ምት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። ሉሲል መነጽሯን አወለቀች። ምዝገባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል። አምብሮዝ ውሻውን ትታችሁ ሳጥኑን መርምሩ ቢል እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? ሽማግሌ ውሻ ይዘህ መጥተህ በሳጥን ታሳብባለህ አልኩት።

አምብሮዝ አጠገባችን ካለው የመገናኛ ሬድዮ ጠረጴዛ መነጋገሪያውን አነሣና መኪናቸው ውስጥ ሬድዮ ያላትን ሚስቱን ዶሪንን ጠራት፤ መኪናውን አምጪ፣ ዘንድሮም ያው ነው እያለ። የእኔ ዓይን ወረቀቱ ላይ ነበር። አምብሮዝ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ሲጫን መስመሩ ዘለለ። ሲለቀው ወረደ። እንደገና ሲጫን ዘለለ። ክው አልኩ።

«እስቲ ድገመው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ቁልፉን ተጫንና እኔን ስደበኝ።»

ይሄንንማ ሁለቴ አላስለመነኝም። እናቴን ብቻ ተወልኝ እንጂ ከጫማዬ እስከ ፀጉሬ አላስተረፈኝም፤ እያንዳንዱ ስድብም የልብ ምት መስሎ ወረቀቱ ላይ ወጣ። ውሻው አልታመመም፣ ሬድዮው ነው ሰው ባወራበት ቁጥር በሽቦው እየገባ ያለው ብዬ ጮህኩ። በደስታ ልሞት ምንም አልቀረኝም። ወዲያው ባለፈው ዓመት ሬድዮው የት እንደነበር ትዝ አለኝ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ለአሥር ደቂቃ ሬድዮው ይዘጋ ብዬ ሉሲልን ለመንኳት። የውድድሩን መንገድ የሚጠርጉት ሰዎች በዚህ ብርድ ጫካ ውስጥ ናቸው፣ ሬድዮ አይዘጋም አለች። «ደግሞ በማላምነው ሳጥን አልፈርምም። ሬድዮው እያወራ ንጹሕ መስመር አሳየኝ።»

መበየጃዬን አጋልኩ። ሬዚስተሩ ብልጭታ ያቆማል እንጂ ብቻውን ሬድዮ አያጣራም። ከየሽቦው ወደ ሳጥኑ የመሬት መስመር አንድ አንድ ካፓሲተር የሚሉት ትንሽ ዕቃ ቢወርድለት ፈጣኑ የሬድዮ ሞገድ በዚያ ይፈስሳል፣ ዝግተኛው የልብ ምት ግን ወደ ሳጥኑ ያልፋል። ከመሳቢያዬ ሁለት አንሥቼ በየድኳቸው። የሬድዮው ዝላይ ቢቀንስም የአዳራሹ መብራት ጉርምርምታ ገብቶ መስመሩን አደፈረሰው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። በሁለቱም ሽቦ እኩል የገባን ነገር ሳጥኑ ራሱ ያጣፋዋል፤ ካፓሲተሮቼ ግን ላያቸው ላይ አንድ ቁጥር ይጻፍ እንጂ እኩል አልነበሩም፣ ልዩነቱንም እኔው ፈጠርኩለት።

መሳቢያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። አምብሮዝ ጓንቱን አውልቆ ተቀመጠና እኔ በቴስተር እየለካሁ፣ እሱ ቁጥሩን እየጻፈ፣ አንድ በአንድ ሄድንባቸው። ሠላሳ አንደኛው ላይ መንታ አገኘን። ሦስተኛ፣ ከእነሱ አሥር እጥፍ የሚበልጥ፣ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል አጋደምኩ፤ የቀረች ትንሽ ልዩነት ብትኖር እሱ ይውጣታል። ስምንት ሰዓት ከአርባ ሆኗል። 

አምብሮዝ ቁልፉን ተጫነ። ስድቡ አልቆበት ኖሮ ቁጥር ይቆጥር ጀመር። እስከ መቶ ቆጠረ፤ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ምት፣ ምት፣ ምት፣ የጎልማሳ ልብ። ሉሲል ሬድዮው እያወራ አምስት ደቂቃ ሙሉ አየችና ፈረመች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፣ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ኋላ ግን አምብሮዝን ለብቻው አገኘሁትና ያለፈው ዓመትም የእኔው ጥፋት እንደሆነ ነገርኩት። የቢስኪትን ጆሮ ያሻሽ ጀመር። «ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር» አለኝ፤ «በልምምድ እንደዚያን ጊዜ ሮጦ አያውቅም።» ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ መነሻው መስመር ላይ አሥራ አራት ውሾች እየዘለሉ ገመዱን ይጎትታሉ። ከሰው መካከል ቆሜ ሳለሁ አምብሮዝ ከመንሸራተቻው ላይ በእጁ ጠራኝ።

«አምና የያዝከው አንተ ነህ፤ ዘንድሮ አንተው ልቀቀው» አለኝ።

በረዶው ላይ ተንበርክኬ ቢስኪትን ደረቱ ላይ ያዝኩት። ልቡ መዳፌን ይመታዋል። አስጀማሪው ከአምስት ጀምሮ ወደ ታች ቆጠረ፤ አንድ ላይ ሲደርስ እጄን ከፈትኩ።